ሳይነገር የዋለ መርዶ

ክፍሉ በቁመት አራት፣ በወርድ ሦስት እርምጃ ነበር። ለክቼዋለሁ፤ መለካት የሥራዬ ልማድ ነው። ጎንደር ውስጥ ካለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ በጻፍኩት ጽሑፍ ምክንያት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አስገቡኝ። ውስጡ ሰባት ሰዎች ነበሩ። እርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ይሸታል። ጺሙን ሽበት የጀመረው አንድ ሰው እግሩን ሰብስቦ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ጋዜጠኛ ነህ አሉ» አለኝ። «እንግዲህ እዚህ ወሬ አታጣም።»

ከቆየ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አያቱም አባቱም ጨርቅ ሸጠዋል፤ እሱም ይሸጥ ነበር። ከደጋ የሚመጡ ደንበኞቹ ዐረብ አገር ለገቡ ልጆቻቸው ሲያስደውሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ብሩ እንደሚያልቅባቸው ያጫውቱታል። ሐሳቡ የመጣለት ከዚያ ነው። የሱቁን ግማሽ በኮምፔንሳቶ ከፈለ፣ ኮምፒውተር ገዛ፣ በኢንተርኔት ወደ ውጭ ማስደወል ጀመረ። ሴቶቹ የጆሮ ማዳመጫውን ስለፈሩት በድምፅ ማጉያ አደረገላቸው። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ እናትና ልጅ እኩል እየተናገሩ ይደናቆራሉ። ስለዚህ አጠገባቸው ቆሞ «አሁን አንቺ፣ አሁን እሷ» እያለ በእጁ ያሳያቸው ነበር። ፈቃድ ነበረው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ እንዳልነበረ፣ ክልክል መሆኑንም እንደሚያውቅ ሳይደብቅ ነገረኝ።

የከበደው ግን እስሩ አልነበረም። በተያዘበት ቀን ጧት ከቤሩት ተደውሎለት ነበር። የደወለችው፣ ከደጋ፣ ከመካነ ብርሃን ከተማ የሄደች አንዲት ልጅ ከምትሠራበት ቤት ሰገነት ወድቃ መሞቷን ነገረችው። ጓደኛዋ ናት። ለእናቷ አንተ አድርስልን ብላ አልቅሳ ዘጋች። ማንን ሰብስቦ እንደሚነግራት እያሰበ ሳለ ፖሊሶች መጡ፤ ኮምፒውተሩን ጫኑ፣ ሱቁን አሸጉ፣ እሱንም ወሰዱት።

መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በሯ ላይ ይደርሳል፤ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ይኖራል። እናትየዋ ደግሞ በወር አንድ ቅዳሜ እየመጣች ነበር የምታስደውለው፤ መጪው ቅዳሜ ቀኗ ነው። የሱቁን መታሸግ ስታይ ሌላ ቤት ገብታ ቁጥሩን ታስደውላለች። ያን ጊዜ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ክፍል፣ በማጉያ፣ የማታውቀው ሰው ይነግራታል። የፈራው ይህንን ነው።

ረቡዕ ለምርመራ ተጠራ። መርማሪው፣ ጋዜጠኛው ከአንተ ቤት እየደወለ ውጭ ላሉ ተቃዋሚዎች ወሬ ያቀብል ነበር ብለህ ፈርም፣ ዐርብ ትወጣለህ አለው። በሱቁ በር አልፌ አውቃለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ተመልሶ ሁሉንም ነገረኝና ፊቴን ያይ ጀመር። ዐርብ ከወጣ ለቅዳሜ ይደርሳል። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ፈርም አላልኩትም፤ አትፈርም ማለትም አቃተኝ።

«አይዞህ» አለኝ ቆይቶ። «የነገርኩህ እንዳልፈረምኩ እንድታውቅ ነው።»

ሐሙስ ባለቤቱ ምሳ ስታመጣ፣ ጠባቂ እየሰማ መርዶውን ነገራትና፣ ቀሐ ሰፈር የሚኖረውን የሴትዮዋን የወንድም ልጅ እንድትፈልግ ላካት። ሁለት ጊዜ ሄዳ አጣችው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ልንሞቅ ግቢው ውስጥ እንደተቀመጥን አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ።

«አያ፣ አንዲት እናት አንቱን ትጠይቃለች።»

መታሰሩን ከሱቁ ጎረቤት ሰምታ ነው የመጣችው። ከግቢው የሽቦ አጥር ማዶ ቆማለች፤ እኔ ከእሱ ሁለት ክንድ ያህል እርቃለሁ።

«ምነው ወንድሜ፣ ከሳህሳ» አለችው። ከጋቢዋ ሥር ዳቦ አወጣች፤ ፖሊሱ ካስቀመሳት በኋላ አሳለፈላት። «የገብስ ነው። ሥጋ ያልነካው ነው፣ ብላ።»

«ሸጋ ነው እናቴ» አለና ቆሞ ይገምጥ ጀመር።

«ልጄ ደወለች?»

«አልደወለችም።»

እውነቱን ነው፤ የደወለችው ጓደኛዋ ናት። ማኘኩን አላቋረጠም።

«እንግዲያ ሌላ ቤት ላስደውል። ቁጥሩ ይኸው» ብላ ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት ፈታች።

እጁን በሽቦው ቀዳዳ አሾለከ። «ቁጥሩን ለእኔ ስጪኝ። ዛሬ ቤቴ እደሪ። ባለቤቴ የወንድምሽን ልጅ ታስጠራልሻለች።»

ወረቀቱን መልሳ ጨበጠችው። ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ያ ብቻ ነው።

«እንዳይጠፋብኝ» ብላ ሰጠችው። ወጣቱ ፖሊስ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነበር።

እሷ እያየችው ዳቦውን እስከ መጨረሻው በላ። እግዚአብሔር ከዚህ ያውጣህ ብላ መረቀችው፤ አሜን አላት። ከበሩ እስክትወጣ ፊቱ አልተለወጠም። ክፍል ስንገባ ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ። የቀረነው ሰባታችን ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ዙሪያውን ተቀመጥን።

የቀረውን ኋላ ከባለቤቱ ሰማሁ። የወንድሟ ልጅ እሑድ ተገኘና አብሯት ተሳፈረ፤ አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ነገሯት። እኔ በሦስተኛው ሳምንት ተለቀቅሁ። እሱ ተፈርዶበት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ፤ ሲወጣ ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

ዛሬ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በስልክ እያዩ ያወራሉ፤ መርዶውም በዚያው በስልክ ይመጣል። ያቺ ሴት ልጇ በሕይወት ያለች መስሏት ያን ሁሉ መንገድ መመለሷ ደግ ነበር ወይ ብዬ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። ስለዚያ እስር ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፤ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ምርመራው፣ ስለ ሰዎቹ። ረቡዕ ዕለት ፊቴን እያየ ሲጠብቀኝ ዝም ማለቴን ግን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።