በሰያፍ የተቆለፈው ካፖርት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ስሙ የወጣላት አንገቷ ላይ በምታንጠለጥለው ሜትር ብቻ አይደለም። ሰው ሲያወራት ዓይኗ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ጉልበት ይወርዳል፤ ሰላም ብሏት ያለፈ ሁሉ ተለክቶ ያለፈ ይመስለዋል። ታክሲ ነጂው ባሏ፣ «ላግባሽ ስላት፣ እሺ ከማለቷ በፊት ግራ ትከሻህ ከቀኙ ዝቅ ይላል አለችኝ» እያለ ዛሬም ሰው ያስቃል።

ሥራዋ ግን ለብዙ ዓመታት ሳቅ የለበትም ነበር። መንገድ ዳር ባለችው ሰፊ መስኮት ያላት ክፍሏ ውስጥ የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ ግራጫ ቀሚስ፣ ግራጫ ሱሪ፣ ከዚያ ደግሞ ግራጫ ቀሚስ። ትምህርት ሊከፈት ሲል ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። እጇ ሥራውን ከመልመዱ የተነሳ ያለ እሷ ይሰፋል። አንዳንድ ቀን ያለቀ ቀሚስ ከማሽኑ ላይ አንስታ ስታየው መቼ እንደጀመረችው ይጠፋባት ነበር።

ነገሩን የቀየሩት የእናቷ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው የመንገድ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ስቱዲዮ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ካሜራቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ከፖስታ ቤቱ እስከ ሲኒማ ቤቱ ይመላለሳሉ። መንገደኛውን ሳያስበው ቀጭ ያደርጉትና ቁጥር ያለባት ወረቀት ያስይዙታል። ፎቶውን የፈለገ ሰው በማግሥቱ ወረቀቷን ይዞ ይመጣል፤ ያልፈለገ እንደወጣ ይቀራል። ዕድሜ ገፍቶ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ሲላቸው ከእህታቸው ልጅ ቤት ገቡ። አብሯቸው የመጣው ከልብሳቸው ሌላ፣ ፈላጊ ያጡ ፎቶዎች የታጨቁበት ሻንጣ ነበር። ባሏ ከመኪናው ሲያወርደው ወገቡ ሊቆረጥ ደርሶ ምን እንደያዘ ጠየቃቸው። የከተማው ሕዝብ ነው አሉት።

አንድ እሑድ ከሰዓት እትዬ ሜትር ፎቶዎቹን ከብል ላድናቸው ብላ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈቻቸው። አጎቷ ወንበር ስበው እያንዳንዱን ፊት እያነሱ መተረክ ጀመሩ። ይሄ ባርኔጣውን ነፋስ ወስዶበት ሲሯሯጥ፣ እነዚህ ተጣልተው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲሄዱ። እሷ ግን ፊት አላየችም። ያየችው ኮሌታና እጅጌ ነው። ከሰዎቹ ኋላ፣ በሱቅ መስታወት ውስጥ፣ ቀጫጭን እግሩን ከፈት አድርጎ ሊሮጥ የተነሳ የሚመስል ወንበር አየች። ከፀጉር አስተካካዩ በር በላይ ሆዳቸው ቀብተት ያለ ፊደላት ነበሩ፤ የሻይ ቤቱ ወለል ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዳማ መስሏል። ይህን ሁሉ ያበጀ ሰው ሥራው አልሰለቸውም ነበር ብላ አሰበች።

ከዚያ አንዲት ወጣት አገኘች። ቦርሳዋን ጎኗ ላይ አጥብቃ፣ አገጯን ቀና አድርጋ መንገድ ትሻገራለች። የካፖርቷ ቁልፎች እንደማንኛውም ካፖርት ቀጥ ብለው አልወረዱም፤ ከግራ ትከሻዋ ተነስተው በሰያፍ እስከ ቀኝ ዳሌዋ ደርሰዋል። የካፖርቱ ጀርባም እንደ ጃንጥላ ተነፍቷል።

«ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?»

«መንገደኛ ናታ። ሁሉም መንገደኛ ነው» አሉ አጎቷ።

በማግሥቱ ከመጋረጃ የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ አውጥታ መቁረጥ ጀመረች። ቁልፎቹ እሺ አሏት፤ ጀርባው ግን እምቢ አለ። ፎቶው ላይ የተነፋው ካፖርት እሷ ላይ እንደ ጆንያ ተንዠረገገ። ባሏ አይቶ፣ አፉን ብታስሪው ከሰል ይይዛል አላት። ፈታችው፣ ሰፋችው፣ መልሳ ፈታችው። በኋላ አጎቷ በከዘራቸው ወደ ፎቶው ጠቆሙ።

«ልጄ፣ የዚያን ቀን ነፋስ ነበር እኮ። ከኋላዋ ያለውን ሰውዬ አታይውም?»

ጎንበስ ብላ አየች። ሰውዬው የሚያነበው ጋዜጣ ፊቱ ላይ ተለጥፎበታል። ስንት ቀን ሙሉ ነፋስ ልትሰፋ ስትታገል ኖራለች። ሆዷን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ግን አልተወችውም። የጀርባውን ጨርቅ ከወገብ በታች እየሰፋ እንዲሄድ አድርጋ ቆረጠችው፤ ለጠርዙ ወፈር ያለ ገበር ጨመረችለት። አሁን ካፖርቱን የለበሰ ሰው ቆሞም የሚራመድ ይመስላል።

ለብሳው ወጣች። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ገዢዎቿን ትታ በር ድረስ ተከተለቻትና የእሷን ቁመት እንድትለካ ለመነቻት። ለእትዬ ሜትር መለካቱ ቀደም ብሎ አልቆ ነበር። ከዚያ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት እህት መጣች፣ ቀጥሎ የእህቷ የሥራ ባልደረቦች። ልብስ ሰፊዋ ፎቶዎቹን መስኮቷ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለቻቸው። ከአንዱ ፎቶ ውስጥ የሬዲዮ ቅርጽ ወስዳ ማዕዘኑ የተድቦለቦለ ኪስ አወጣች። የሻይ ቤቱን ወለል የቀሚስ ዘርፍ አደረገችው። ዩኒፎርሙንም ጨርሳ አልተወችም፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የልጆቹ ኪስ ለምን ሬዲዮ እንደመሰለ ሰው ልኮ አስጠየቃት እንጂ።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት አሮጊት መስኮቱ ፊት ቆመው ቀሩ። በመጨረሻ ገብተው የባለካፖርቷን ወጣት ፎቶ በጣታቸው ነኩ።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ።

እትዬ ሜትር ደነገጠች። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃድ መስቀሏ ትዝ ብሏት፣ ይቅርታ እየጠየቀች ልታወርደው እጇን ሰደደች። አሮጊቷ ተይው አሏት። የስልክ መሥሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። የመጡትም ፎቶውን ፈልገው አልነበረም። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች የእሳቸውን የድሮ ካፖርት ለብሰው አይተው አእምሯቸው የከዳቸው መስሏቸዋል፤ አንደኛዋን ጠይቀው ነው ሱቁን ያገኙት።

«እንዲህ ያለ ጥበብ ዛሬ የለም፤ ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ» አለቻቸው ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ጥበብ አለው ልጄ? ስህተት ነው እንጂ።»

የሆነውን ነገሯት። ጨርቁ የአባታቸው አሮጌ ካፖርት ነበር። እህታቸው ለእሳቸው ልክ ልታሳጥረው ስትል ካውያ ረስታበት ደረቱን አቃጠለችው። የተቃጠለውን ቆርጦ ለመጣል ከሰያፍ በቀር መንገድ አልነበረም። እሳቸውም ለብሰውት፣ እባክህ ጌታዬ ሰው አይየኝ እያሉ ወደ ሥራ ሲሮጡ አንድ ባለካሜራ ከፊታቸው ቀጭ አደረጋቸው። ወረቀቷን መታጠፊያው ጋ ሳይደርሱ ጣሏት።

እትዬ ሜትር ስታወድሰው የኖረችው ነገር የካውያ ጠባሳ መሸሸጊያ ሆኖ አረፈው። ሆኖም ጠመኔ አነሳች፤ ደረቱ ተቆርጦ ከወጣ እህትየው ኮሌታውን በምን አገናኘችው ብላ ጠየቀቻቸው። አጎቷ ከውስጥ ክፍል በከዘራቸው እየተደገፉ ሲመጡ ሁለቱን ሴቶች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አገኟቸው። ነገሩ ሲነገራቸው አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ወረቀትዎን ይዘዋል?»

«ጥያታለሁ።»

«ታዲያ በምን አምኜ ልስጥዎት?»

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ጎናቸው ላይ አጠበቁ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉና ሱቁን ከዳር እስከ ዳር ተሻገሩት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ ፎቶውን ራሳቸው ከመስኮቱ ነቅለው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

አሮጊቷ ከመሄዳቸው በፊት ካፖርት አዘዙ። ቁልፉ ከአንገት እስከ ጉልበት ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ቡናማ። ያኔ የተመኙት እሱን እንደነበር ተናገሩ። እትዬ ሜትር ከዩኒፎርም ወዲህ እንዲህ የሚያሰለች ልብስ ሰፍታ አታውቅም፤ ግን ቃል ሳይወጣት በጥንቃቄ ሠራችው። ሊወስዱት በመጡ ቀን አሮጊቷ መስታወት ፊት ቆመው ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፏቸው፤ ወዲያው ፈቱና እንደገና ቆለፏቸው። ደንበኛ በልብስ እንዲህ ሲደሰት አይታ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይመጣሉ። በሥራ ዘመናቸው የከተማውን ግማሽ በስልክ ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ ከአጎቷ ጋር ሻንጣውን ከፍተው «ይሄ የባንኩ ሒሳብ ሹም አይደል?» ይላሉ፤ የሰውየውን ልጅ አፈላልገው ይደውላሉ። ሰዎች እየመጡ ወጣት አባታቸውን፣ ሙሽራ እናታቸውን እየያዙ ይሄዳሉ። ፎቶው ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ግን እትዬ ሜትር ፊት ይቀርባል። በዚህ ሳምንት የያዘችው የአንድ አስተናጋጅ አጭር ጃኬት ነው። የእጅጌው ስፌት የት ላይ እንደሆነ ፎቶው አያሳይም። አጎቷ ትከሻው ላይ ነው ይላሉ፤ አሮጊቷ ደግሞ ሰውየውን በደንብ እንደሚያውቁት፣ ስፌቱም ከብብቱ ሥር እንደነበር ይምላሉ። ልብስ ሰፊዋ ለማንኛውም ብላ ሁለቱንም ዓይነት እጅጌ ቆርጣለች።