ማህተሙ እንዲታይ ነው አሉን

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ረፋዱ ላይ... ከጎረቤቴ ከሰናይት ጋር አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩላችሁ። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ሰናይት እዚሁ ቦሌ አራብሳ፣ የእኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ ነው የምትኖረው። ዓይነ ስውር ናት። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው መንገድ ዳር ሶፍት፣ ማስቲካና ካልሲ እየሸጠች ነው። ደንብ አስከባሪዎች በመጡ ቁጥር ዕቃዋን ሰብስባ መሸሽ አለባት... ዓይን ያለው እንኳ ከእነሱ አያመልጥም፣ እሷ ወዴት ትሩጥ?

ታዲያ ለአካል ጉዳተኞች ትንንሽ የቆርቆሮ ሱቆች ሊሰጡ ነው ሲባል ሰማችና ቢሮው ድረስ ሄዳ ጠየቀች። «ምዝገባው ሲጀመር በቴሌግራም እናሳውቃለን፣ ተከታተይ» አሏት። ተከታተለች። ስልኳ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ የሰፈሩን ወሬ እንኳ እኔ ሳልከፍተው እሷ ናት የምትነግረኝ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ የምታውቀው ሰው ደውሎ «ተመዘገብሽ አይደል?» ሲላት ክው አለች። መጥታ በሬን አንኳኳች።

«እትዬ የሺ፣ እባክዎ አብረውኝ ይሂዱ» አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

ወረፋ ጠብቀን ገባን። ጠረጴዛው ጋ ያለው ልጅ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሁት ነገር ነው። ግን እሷን ዘሎ እኔን አየኝና «እናቴ፣ ምን ፈልጋ ነው?» አለኝ።

«እሷን ጠይቃት ልጄ። ዓይኗ ነው እንጂ አፏም ጆሮዋም ደህና ነው» አልኩት።

ሰናይት ስለ ሱቁ ምዝገባ ጠየቀችው።

«ውይ እህቴ... ዓርብ ተዘጋ እኮ» አላት። ልክ ዳቦ አለቀ እንደሚል ባለሱቅ።

«መቼ ነገራችሁኝ?»

«በሩ ላይ ተለጥፏል። ቴሌግራምም ላይ ለቀናል፣ ሁሉም አይቶታል።»

ሰናይት ስልኳን አወጣች፣ የቢሮውን ቻናል ከፈተችና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀችው። ማስታወቂያውን በጣቷ ነካ ስታደርግ ስልኩ አንድ ቃል ብቻ ይላል። «ፎቶ።» ወደሚቀጥለው ሄደች። «ፎቶ።» ደግሞ ሄደች። «ፎቶ።» ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያይ ጀመር።

«ምንድነው የሚለው?» አለ ልጁ።

«ማስታወቂያችሁን እያነበበልኝ ነው» አለችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያውን ወረቀት ላይ ያትሙታል፣ ማህተም ይመቱበታል፣ ከዚያ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ይለቁታል። የሷ ስልክ ደግሞ የተጻፈ እንጂ ፎቶ አያነብም። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁት... ከላይ በትልቁ «ለአካል ጉዳተኞች በሙሉ» ይላል። በሙሉ ሲሉ እነማንን ቆጥረው እንደሆነ እንጃ።

«ታዲያ ከፎቶው ሥር ያንኑ ብትጽፉት ምን ነበረበት?» አልኩት።

«እናቴ፣ ማህተሙ መታየት አለበት። ማህተም የሌለውን ማን ያምናል? ተራ ወሬ ነው የሚሆነው።»

«እኔ አምናችሁ ነበር» አለች ሰናይት ቀስ ብላ። «አንድም ቀን ማህተም አሳዩኝ አላልኩም።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ አልጽፍላችሁም፣ ልጆቼ ያነቡታል። ልጁ ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ቅሬታ ካላት በጽሑፍ ታስገባ። በቃል አንቀበልም» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። አሁንም ለእኔ ነው የሚናገረው።

እንደወጣን «ነይ እኔ ልጻፍልሽ» አልኳት። እኔም ብሆን ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግን አቤቱታ ማን ያቅተዋል።

«አይ እትዬ የሺ። እኔም መጻፍ እችላለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ ይዛ የመጣችው ሁለት ገጽ ወፍራም ወረቀት ነው። ከላይ እስከ ታች በነጠብጣብ ተወግቷል፣ አንድ ጠብታ ቀለም የለበትም። ብሬል ነው፣ በጣት የሚነበበው የዓይነ ስውራን ጽሑፍ።

መዝገብ ቤት ወሰድነው። እዚያ ያለችው ሴትዮ ስልክ እያወራች ነው። እጇ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ «ገቢ» የሚለውን ማህተም መታችበት፣ ቁጥር ጻፈችበት። ስልኩን ስትዘጋ ነው ገልበጥ ገልበጥ ያደረገችው።

«ይሄ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ አይደለም፣ ሁለት ገጽ ነው» አለቻት ሰናይት።

«እና ማን ያነበዋል?»

«እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ። በጽሑፍ አስገቢ ተባልኩ፣ አስገባሁ።»

ሴትዮዋ ማህተሙን አየችው፣ እኛን አየችን... ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተችው። ማህተም ተመትቶበት ቁጥር የተሰጠው ነገር ወደ ቅርጫት አይጣልም፤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ መልስ ማግኘት አለበት። የራሳቸው ሕግ ነው።

ትናንት ደወሉላት። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ከርሞ የሚያነበው ጠፋ። «እባክሽ መጥተሽ አንብቢልን፣ ኃላፊው እየጠበቁ ነው» አሏት።

እኔ «እንዳትሄጂ። ይፈልጉ» አልኳት።

«እትዬ የሺ፣ እኔ እኮ ሱቁን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለእኔ ንዴት ነው፣ ለእሷ የልጆቿ እራት ነው። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ምዝገባውን ይክፈቱላት አይክፈቱላት አላውቅም።

ብቻ ስለራስ ጉዳይ የተጻፈን ነገር ሌላ ሰው እስኪያነብልህ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚመስል... እስቲ ለአንድ ጠዋት እነሱም ይቅመሱት።