የድልድዩ ዘበኛ ጃንጥላ

የድልድዩ ዘበኛ ክረምቱን ሙሉ ያንኮራፋል። ዝናቡ አልፎ አበባው ሲፈነዳ ግን ዓይኑን አይከድንም፤ ጃንጥላ ይዞ ይንጎራደዳል።

«ጋሼ፣ በፀሐይ ጃንጥላ ምን ያደርግልዎታል?» አልኩት።

«በዝናብማ ሰው ሁሉ በሰማዩ ያመካኛል። ጉዱ ሰማዩ ሲጠራ ነው! የሚያመካኝበት ያጣ ሁሉ ሊሞት እዚህ ይመጣል።»

ብቻውን ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ካየ፣ «ወንድሜ፣ ይቺን ያዝልኝማ፤ ሽንቴ ወጥሮኛል» ብሎ ጃንጥላውን ያስታቅፈውና ይጠፋል። ሊሞት የመጣ ሰው እንኳ የሰው ዕቃ ጥሎ መሄድ ያፍራል፤ እየተራገመ ይጠብቀዋል። ዘበኛው ሲመለስ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ነው።

«ይህን ዘዴ ማን አስተማረዎት?»

«ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው ዘበኛ። አንድ ፀሐያማ ቀን ‹ያዝልኝ፣ መጣሁ› ብሎ አስታቀፈኝ። ይኸው እሱ ጡረታ ወጣ፤ ጃንጥላውን ግን እስካሁን አልተቀበለኝም።»