ማኒፎልድ ውስጥ የቀረችው እጄ

ልጅ እያለሁ እጆቼ ከእኩዮቼ ሁሉ ያነሱ ነበሩ። ቅልብልቦሽ ስንጫወት ጠጠሮቹ አይበቁልኝም፤ ከመዳፌ እየተረፉ ይወድቃሉ። አባቴ ግን አንድ ቅዳሜ አገላብጦ አያቸውና «ይቺ እጅ ሥራ አላት» አለኝ። የዚያን ቀን ኩራቴ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

አባቴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር መኪና የሚሠራ መካኒክ ነበር። ግቢው የቤንዚንና የበሰለ ማንጎ ሽታ አይለየውም። ከደንበኞቹ አንዱ ጋሽ አንጁሎ፣ በአሮጌ ፒክአፕ ሙዝና ሰው ጭኖ ጨንቻ የሚወጣ ሾፌር ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዶርዜ ሳይደርስ ጠመዝማዛው ላይ ቀጥ ይላል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል።

አባቴ መላ አገኘሁ ብሎ አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን፣ ማኒፎልድ የሚሉትን ብረት ፈታው። አራት ጉሮሮ ያለው ከባድ ነገር ነው። «ሞተሩ እኮ ታፍኖ ነው። ጉሮሮውን አስፍተን ውስጡን ካለሰለስነው ይተነፍሳል» አለ። አፍ አፉን በሞረድ አሰፋው። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ሻካራ ግን የእሱ ወፍራም ጣት አልደርስበት አለ።

የብርጭቆ ወረቀት ቆርጦ ሰጠኝ። «ፈትጊው። ግን ውስጥ እንዳትጥዪው! ቁራጭ ከቀረ ሞተሩ ይውጠዋል፤ ያኔ ሞተሩ ሞተ ማለት ነው።»

ሦስቱን ጉሮሮ በደንብ ፈተግሁ። አራተኛው ላይ ወረቀቱ ሊያመልጠኝ ሲል ጭብጥ አደረግሁት። ከዚያ እጄ አልወጣ አለች።

መጀመሪያ ለማንም አልተናገርኩም። ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ አልሆነም። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቆይቶ በእኔው ላብ ሞቀ። የእጄ ደም ሥር ብረቱ ውስጥ ሲመታ ይሰማኛል። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ እንኳ በሌላው እጄ አላባረርኩትም፤ ከተንቀሳቀስኩ የሚብስ መሰለኝ። በመጨረሻ እንባዬ አጋለጠኝ።

አባቴ ሳበኝ፤ ጮህኩ። የሳሙና ውሃ አፈሰሰ፤ የሞተር ዘይት ጨመረ። እናቴ ቅቤ ይዛ ከጓዳ ሮጠች። ጋሽ አንጁሎ ሊያስቀኝ ፈልጎ «ለእኔ መኪና እንዲህ ያለ ቅቤ ተቀብቶለት አያውቅም!» አለ። እናቴ ግን ወደ አባቴ ዞረች።

«በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለኩበታል ሲባል፣ አንተ በገዛ ልጅህ ክንድ ለካህ?»

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ጎትቱ፣ አንዱ ተዉ ይላል። እጄ እያበጠች ነበር። አባቴ የብረት መጋዙን አነሳ፤ ወዲያው ግን መልሶ አወረደው። ብረቱ የሰው ነው፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ሌላ አይገኝለትም። ያለ እሱ መኪናው ቆመ፤ ጋሽ አንጁሎም ከነልጆቹ እንጀራው ቀረ።

«አንጁሎ፣ ልቆርጠው ነው» አለ።

«ሌላ ከየት አመጣለሁ?» አለ ጋሽ አንጁሎ። ፊቴን ሲያይ ግን ራሱ ብረቱን አቅፎ ያዘ። «ቁረጠው እንጂ! ምን ታየኛለህ? የልጅ እጅ እኮ ነው!»

መጋዙ ሲጀምር ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ አንጁሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሚጢጢ፣ ጣቶችሽን እስቲ አንቀሳቅሺልኝ» አለኝ።

«አልችልም።»

«ለምን?»

«ወረቀቱን ይዣለሁ።»

መጋዙ ቆመ። «ታዲያ ጣዪው!» አለኝ ጋሽ አንጁሎ።

«አባዬ እንዳትጥዪ ብሎኛል። ሞተሩ ይሞታል።»

አባቴ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ፤ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ልቀቂው፣ የኔ ልጅ» አለኝ። ጣቶቼ ደንዝዘው እሺ አላሉኝም፤ አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው። እጄ ተልጣ፣ በዘይት ጠቁራ ወጣች። አባቴ ብረቱን ገልብጦ ሁለቴ በመዳፉ መታው፤ ወረቀቷ መሬት ላይ ዱብ አለች። በቃ፣ ይኸው ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባቴ ግን ጎማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በጨርቅ ሸፈነ።

መጋዙ ላዩን ብቻ ስለጫረው፣ ብረቱ አራተኛው ጉሮሮ ሳይለሰልስ ተገጠመ። ጋሽ አንጁሎ «ሦስቱ ይዘፍናሉ፣ አንዱ ያስላል» እያለ ይቀልድ ነበር። ቢሆንም ተሳፋሪው ከዚያ ወዲያ መግፋት ቀረለት።

ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስለ ሞተርም ከዚህ በላይ አላውቅም። ዛሬ እናት ነኝ፤ ፈሪ እናት። አትንኪ፣ አትውጪ፣ አትጣዪ ስል ነው የምውለው። በእኛ ጊዜ ትልቅ ሰው ያለንን እጃችን እስኪያብጥ እንይዝ ነበር፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። የዛሬ ልጆች ይጠይቃሉ፤ ሰው አፈኞች ይላቸዋል፤ እኔም አንዳንዴ እቆጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ የሚተራመስበትን መንገድ ከልጄ ጋር ስሻገር «እጄን እንዳትለቂ» አልኳት። መሃል ስንደርስ ቀና ብላ «እማ፣ እያሳመምሽኝ ነው» አለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ይህን መናገር አላውቅም ነበር። ጣቶቼን ትንሽ አላላሁላት፤ ትንሽ ብቻ።