ጉርሻ የተከለከለው በሽተኛ

ከጎንደር አራዳ የተነሣሁት አክስቴ ብርቄ ሰው ስለላከችብኝ ነው። ልጇ ታከለ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ይዞት ተመልሷል። ትኩሳቱ በኪኒን በረድ ቢልለትም የሆዱ ሕመም አላስቆም አላስቀምጥ ብሎታል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ወደ አምባ ጊዮርጊስ

ኬላው ላይ ሁላችንንም አውርደው ፈተሹን። የአንዲት ሴትዮ ዶሮ እንኳ አልቀረች፤ አገላብጠው አዩዋት። ዶሮዋ ይለፍ ባይኖራትም አለፈች። ዳገቱን ጨርሰን ወገራ ሜዳ ላይ ስንወጣ ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም ነበር።

የአክስቴ ቤት በጠያቂ ተሞልቷል። ታከለ መደብ ላይ ጎንበስ ብሎ ሆዱን አቅፏል፤ ሕመሙ ጀርባው ድረስ ይወጋዋል። ባዶ እጁን የመጣ የለም። አንዷ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ፣ ሌላዋ ዶሮ ወጥ፣ ጎረቤታቸው አያ መኳንንት ደግሞ ሆድ ያጥባል ብለው አረቄ። ታከለ "በሞቴ" ሲባል እምቢ ማለት የት ያውቃል! ይጎርሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ባዶ ሆዱን ቀረ ብለው እንደገና ያጎርሱታል። አንጀቴን ቢበላውም ተናደድኩ። እህል የጫነ ማኪና ለምኜ እናትና ልጅን ጋቢና አስገባሁ፤ እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወደ ጎንደር ወረድን።

ሆስፒታል

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ወባው ገና ከደሙ አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ ቆሽቱን አቁስሎታል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ሆኖ ምግብ የሚፈጭበትን ፈሳሽ ያመነጫል፤ ሲታመም ግን በተበላ ቁጥር ያ ፈሳሽ ራሱን ያቃጥለዋል። መድኃኒቱም ውሃውም በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ በአፉ ጠብታ ከገባ ግን ልናጣው እንችላለን አለ።

ሐኪሙ ዞር ሲል አክስቴ ከነጠላዋ ሥር አጥሚት የሞላ ፔርሙዝ አወጣች። እጇን ያዝኩ።

"በረሃብ ሊገድሉብኝ ነው" አለች እያለቀሰች። "ሆዱ ባዶ እያለ ቢሞትብኝ በምን ዓይኔ አፈር አለብሰዋለሁ?"

"አክስቴ፣ አክፍሎት እንደያዘ ቁጠሪው። ከስቅለት እስከ ትንሣኤ እህል ውሃ የማይቀምስን ሰው ታጎርሻለሽ?"

ፔርሙዙን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ እሷም እህል በአፏ አልዞረም። ብለምናት ብቆጣት "እሱ ሲፈታ እፈታለሁ" ብላ ዘጋችኝ። ከወገራ አገልግል ይዞ የሚመጣውን ጠያቂ በር ላይ ቆማ የምትመልሰው ራሷ ሆነች። አያ መኳንንትማ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ብለው አኩርፈው ሄዱ።

የታከለ ትኩሳት ጠፋ፤ ሆዱም ለሰለሰ። በመጨረሻ ሐኪሙ ስኳር ያለው ቀጭን ሻይ፣ ጥቂት ማንኪያ ብቻ፣ ይሞከር አለ። አክስቴ በማንኪያ አጠጣችው።

ቤት

አራዳ ስደርስ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። የእናት ፍቅር የሚታወቀው በማጉረስ ይመስለኝ ነበር፤ ይህ መንገድ ሌላ አሳየኝ። ታከለ ሻይ መቅመሱን፣ ከንፈሩን ልሶ "እምዬ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" ማለቱን ነገርኳት።

"አክስትህስ ምን አለች?"

"'በቃህ ልጄ' አለችው።"

ባለቤቴ አክስቴን ታውቃታለች። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።