ከወግዲ መካነ ሰላም፦ በአምቡላንስ የሚሄዱ ሙክቶች

ወግዲ፣ ጎህ ሲቀድ

ሚኒባሱ ሳይሞላ ንቅንቅ እንደማይል እያወቅሁ በጨለማ ተነስቼ መጣሁ፤ እኔ መቼም አልማር። ብርዱ አይጣል ነው። ሻይና አምባሻ ገዛሁ። ዋጋው አዲስ አበባን አክሏል፤ ያላከለው መንገዱ ብቻ ነው።

ከከተማው ጥቂት እንደወጣን ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አስቆሙን። የይመር የሚባል ገበሬ ሚስት ናት፤ ዘሀራ ትባላለች። ምጥ ይዟታል፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጤና ጣቢያው ወደፊት፣ በኛው መንገድ ላይ ነው። ሌሊቱን ቢደውሉ አምቡላንሱ ተበላሽቷል ተብለዋል። ባልና ሚስቱን አሳፈርናቸው።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ግራ ቀኙ ገብስና ስንዴ፣ መሀሉ ጭቃና ድንጋይ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዘሀራ ከንፈሯን ትነክሳለች። ይመር ላብ በላብ ሆኗል፤ ላየው ሰው የሚያምጠው እሱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት፣ ሼህ መሐመድ፣ ዱዓ እያደረጉ ከቋጠሩት ጭኮ ያካፍሉኛል። ፈርቻለሁ፤ ስፈራ ደግሞ እበላለሁ።

ድንገት ሳይረን። አምቡላንስ ከፊታችን እየበረረ መጣ። ሾፌራችን ሰይድ ለበሽተኛው ብሎ ዳር ያዘ፤ መንገዱ ጠባብ ነውና ማለፍ አቅቶት ፊት ለፊት ቆምን። ያው ተበላሽቷል የተባለው አምቡላንስ ነው። ይመር ሮጦ የኋላውን በር ከፈተው። እግዜር ያሳያችሁ፣ የበሽተኛው አልጋ ላይ ሁለት ሙክቶች ታስረው ተኝተዋል።

የአምቡላንሱ ሾፌር አቀርቅሮ፣ ለአንድ ኃላፊ ድግስ እንደሚያደርሳቸው፣ እንቢ ካለ ከእንጀራው እንደሚፈናቀል ነገረን። የኃላፊውን ስም ልተወው፤ እሳቸው ራሳቸውን ያውቃሉ። ሰይድ ሊሳደብ ሲል ሼህ መሐመድ ክንዱን ያዝ አደረጉት።

"ልጄ፣" አሉት የአምቡላንሱን ሾፌር፣ "በሽተኞችህን ወደኛ አውርድና የኛን ውሰድ። ለሳቸው እኔ መልስ እሰጣለሁ።"

ዘሀራና ይመር ገቡ፣ አምቡላንሱ ዞሮ ከነፈ። ሙክቶቹ ከኛ ጋር ተሳፈሩ። አንደኛው የጋቢዬን ጫፍ ቁርስ አደረገው።

ቀትር፣ ጤና ጣቢያው

ከመኪና ሳንወርድ እልልታ ሰማን። ሴት ልጅ! ይመር እየሳቀ ያለቅሳል፣ ያገኘውን ሁሉ ያቅፋል። አዋላጇ ግን ዘሀራ ብዙ ደም እንደፈሰሳት፣ ጥቂት ቢዘገዩ እንደማትተርፍ ነገረችን።

ኃላፊው ተደውሎላቸው መጡ። ግቢ ውስጥ የታሰሩትን ሙክቶቻቸውንና ዙሪያውን የቆመውን ሰው አዩና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ለወላዷ ብለው የላኳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ሳቃችንን እንዴት እንደዋጥነው አላውቅም። ሼህ መሐመድ ፈገግ እንኳ አላሉ።

"አላህ ይቀበልዎ። እዚህ ግን በየቀኑ ይወለዳል፤ አምቡላንሱ በጠፋ ቁጥር ሙክቱን ከየት ይችሉታል?"

መካነ ሰላም የደረስነው ገበያው ሲበተን ነው። የተበላ ጋቢ ለብሼ ያየሁትን ሁሉ ለሰው ሳወራ አመሸሁ።

መልስ

በሳምንቱ ከሰይድ ጋር ስንመለስ አምቡላንሱ ጤና ጣቢያው በር ላይ የለም። ሰይድ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ከፋኝ። ጥቂት እንደሄድን ያ ሳይረን ከፊታችን መጣ። ሰይድ ዳር ያዘ። እኔና እሱ አንገታችንን አስግገን በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየን።

አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው።