የእትዬ ኤሊ ወፍራም ጎማ

የላብራቶሪው መልእክተኞች ያወጡላት ስም «እትዬ ኤሊ» ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና በብስክሌት ስታመላልስ፣ ባለ ሃያ ስድስት ኢንቹን ትንሽ ቸርኬና ወፍራም ጎማዋን አልለወጠችም። ንፋሱንም በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ እስኪል ድረስ ታስተነፍሰው ነበር። ባልደረቦቿ በቀጫጭን ጎማቸው ሲያልፏት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እትዬ!» ይሏታል። «የእናንተው እግር ሳያወጣ ይሰበራል!» ትላቸዋለች፣ ፔዳሏን ሳታፈጥን።

ታላቅ ወንድሟ እንኳ አልቆመላትም። ጎሚስታ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሱቁ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሲለጥፍና ሲነፋ ኖሯል። የእሱ እምነት አንድ ነው፤ ጎማ ቀጭን ይሁን፣ ንፋሱም ድንጋይ እስኪመስል ይሞላ። ከዚህ ውጭ የሚነግረውን ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል።

አንድ ዓርብ የመልእክት ክፍሉ ኃላፊ ሁሉንም ግቢ ውስጥ ሰብስቦ ስድስት አዳዲስ ብስክሌቶች አሳየ። ቸርኬያቸው ባለ ሃያ ስምንት፣ ጎማቸው እንደ አውራ ጣት የቀጠነ። ኃላፊው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን የሰማ አይመስልም።

«ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም በእነዚህ ነው። በአሮጌው እቀጥላለሁ የሚል የናሙና ቦርሳውን ያስረክብ» አለ፣ እሷን እሷን እያየ።

ቦርሳው ማለት እንጀራዋ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቷ ሌላ ሥራ ማን ይሰጣታል? ቢሆንም ፈርታ ዝም አለች ብላችሁ እንዳታስቡ።

«መጀመሪያ ይለካ» አለች።

«ምኑ ይለካል? ሲያዩት አይታወቅም?»

«ሲያዩትማ እኔም ኤሊ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀና ኃላፊው እንቢ ማለት አፈረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔ ይዛ ከአንድ የአስፋልት ቁልቁለት አናት ላይ ቆመች። ኃላፊውና ሊታዘብ የመጣው ወንድሟ ታች ናቸው። ደንቡ ይህ ነው፦ ፔዳል አይረገጥም፤ ብስክሌቱ በራሱ ተንከባሎ የቆመበት ይሰመራል። በነጂው ክብደት እንዳይሳበብ ሁለቱንም የምትነዳው እሷው ናት። ለየብስክሌቱ ሁለት ሁለት ብልቃጥ ደም በየቦርሳው ተቀምጧል። ደሙም የራሷ ነው፤ ማለዳ የላብራቶሪዋ ባለሙያ ፊት ክንዷን ዘርግታ «ቅጂልኝ» ብላታለች።

በአስፋልቱ ላይ ቀጭኑ በአምስት እርምጃ በለጠ። መስመሩን ያሰመረችው ራሷ ናት፣ አንዲት ስንዝር ሳታጭበረብር።

«አላልኩሽም?» አለ ወንድሟ።

«ብለኸኛል፣ ወንድም ጋሼ። የክሊኒኮቹ መንገድ ግን ከመቼ ወዲህ ነው አስፋልት የሆነው?»

ወደ ክሊኒኮቹ ወደሚወስደው የድንጋይ ንጣፍ ቁልቁለት ሄዱ። ቀጭኑ ሲወርድ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር የምትሸነፍ መሰላት፤ የበረረች ያህል ተሰምቷት ነበር። ሲቆም አሰመረች። ከዚያ በራሷ ብስክሌት ወረደች። ድምፅም የለው፣ ግርግርም የለው፤ የሚያዩት ሰዎች ሊያዛጉ ምንም አልቀራቸው። ጎማው ግን መስመሩ ላይ ሲደርስ አልቆመም። ዘጠኝ እርምጃ አልፎ ሄደ።

«ድገሚው!» አለ ወንድሟ። ደገመች። ሠለሰች። ያው ነው።

ወንድሟ ንጣፉን በእጁ ዳበሰ። «ድንጋዩ ጠንካራውን ጎማ ወደ ላይ ያነጥረዋል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ወደ ፊት የሚሄድበትን ጉልበት እዚያ ይጨርሰዋል። ለካ እኔ መንቀጥቀጡን ነው ፍጥነት የምለው።»

ባለሙያዋ ብልቃጦቹን ወስዳ በላብራቶሪው ማሽን አሽከርክራ አመጣች። ከወፍራሙ የወረደው ደም ላዩ ጥርት ያለ ቢጫ ነበር። ከቀጭኑ የወረደው ግን ላዩም ቀልቷል። «በመንቀጥቀጡ ደሙ ፈርሷል፤ ይህ ተበላሽቷል» አለች። «ታማሚው እንደገና መወጋት አለበት።»

ኃላፊው ራሱን አከከ። «በቃ እትዬ፣ እርስዎ በራስዎ ብስክሌት ይቀጥሉ። ለእርስዎ ብቻ ፈቅጃለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይስም ነበር። እሷ ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ለእኔ ብቻ ከሆነ አልፈልግም። ደሙ በእኔ ቦርሳ ያልመጣ ሕፃን ምን አጥፍቶ ነው ሁለቴ የሚወጋው? የስድስቱም ጎማ ይለወጥ። አይ ካሉ፣ ይኸው ቦርሳዎ።»

ወንድሟ ከአዲሱ ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ አለና በጎማውና ጎማውን በያዘው ሹካ መሃል ጣቶቹን አስገባ። «ቸርኬው እንዳለ ይቀመጥ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ሁለት ጣት ክፍተት አለው። ወፈር ያለ ጎማ ይችላል።»

ኃላፊው ቦርሳውን አየ፣ እሷን አየ። «እስኪለወጥስ?» አለ በመጨረሻ።

«እስኪለወጥማ» አለችና ተንበርክካ የአዲሱን ብስክሌት የፊት ጎማ ቫልቭ ፈታች። ንፋሱ እያፏጨ ወጣ። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ የኋላውን ያዝ። ጥቂት ብቻ ነው፣ ጨርሰህ እንዳታስወጣው።»

ሠላሳ ዓመት ጎማ ሲነፋ የኖረው ሰው ተንበርክኮ ማስተንፈስ ጀመረ።